ክፍል 2፣ የተመለሰ ጀግና ወይስ የግዙፍ ስክሪን ዶክመንተሪ? ጅማ ላይ ሆኖ ለአንድ ምሽት ፊልም መምረጥ

ቅዳሜ ከሰዓት ፍላሼን ይዤ ወደ መርካቶ እወርዳለሁ። ፊልም የሚጭንልኝ ልጅ ገና በሩ ላይ ስቆም ያውቀኛል። «ዛሬስ ምን ልጫንልሽ?» ይላል። ሁልጊዜ ሳልዘጋጅ የምቀመጥበት ፈተና ነው። ፍላሹ 16 ጊጋ ይባላል እንጂ ግማሹን የእህቴ የሰርግ ቪዲዮ ይዞታል። በቀረው ቦታ ሦስት ወይ አራት ፊልም ቢገባ ነው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው።

ልጁ የሚያቀርብልኝ ነገር ደግሞ ከዓመት ዓመት እየተመሳሰለ መጥቷል። ወይ የሆነ ፊልም ክፍል 2 ነው፤ አንዳንዴም ክፍል 9። ወይ በልጅነታችን ያየነው ሱፐርሂሮ አዲስ ፊት አጥልቆ ተመልሷል። ከእነዚህ ሌላ ማንም የማይከፍተው አንድ ፎልደር አለ። ውስጡ ለግዙፍ ስክሪን የተሰሩ ዶክመንተሪዎች ናቸው። ጠፈር፣ ተራራ፣ ወንዝ።

ይህን የምጽፈው «ከሦስቱ የቱን?» ለምትሉ ነው። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኛ ፊልም የምናየው ትልቅ ሲኒማ ቤት ውስጥ አይደለም። ባለ 32 ኢንች ቲቪ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራቱ ይቆይ አይቆይ አይታወቅም። የውጭ ሰዎች «ድንቅ» ያሉት ሁሉ የእኛ ሳሎን ሲደርስ ድንቅ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የእኔ መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፤ ፊልሙ ሲያንስ ምን ይቀረዋል? (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ክፍል 2፦ ቶናው ላይ አዲስ ቡና ተጨምሯል?

ይህ አባዜ የጀመረኝ ቪዲዮ ቤት ነው። ያኔ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ገባች ማለት ነውር ነበር። ወንድሜ ኮፍያውን ያጠልቅልኝና፣ ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ ከኋላ አግዳሚው ላይ ያስቀምጠኛል። ግማሹ ሰው በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ይጮሃል። እንግሊዝኛውን የሚሰማ የለም። ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ህግ ነበር፤ አክተሩ አይሞትም። አንድ ቀን ታዲያ አክተሩ ሞተ። ቤቱ ጭጭ አለ። ከፊት የነበረ አንድ ጎረምሳ ዞር ብሎ «አይዟችሁ፣ ክፍል 2 አለው!» ሲል ሁላችንም ተነፈስን።

ያኔ ክፍል 2 ተስፋ ነበር። አሁን መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ብዙው ክፍል 2 ቶና ነዋ! በአቦሉ አተላ ላይ ውሃ ጨምረው ያፈሉታል፤ መዓዛው አለ፣ ጉልበቱ ግን የለም። እማዬ እንግዳ ሲኖር ቶናው ላይ ትንሽ አዲስ ቡና ጣል ታደርጋለች። እኔም ከማንኛውም ክፍል 2 የምፈልገው ያንን ጣል የተደረገ ነገር ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ጎድፋዘር ክፍል 2 በ1974 ወጣ። የምርጥ ፊልም ኦስካርን የወሰደ የመጀመሪያው ክፍል 2 እሱ ነው። የተጨመረው ቡና የቱ ነው ካላችሁ፣ በክፍል 1 የማፊያ አለቃ የነበረው የአባትየው ወጣትነት ነው። ልጁ ሥልጣኑን ይዞ ቤተሰቡ ሲበተንበት እናያለን። ጎን ለጎን ደግሞ አባትየው ባዶ እጁን መጥቶ ቤተሰብ ሲመሠርት እናያለን። ወጣቱን አባት የተጫወተው ሮበርት ዴ ኒሮ አብዛኛውን የሚናገረው በሲሲሊኛ ነው፤ ኦስካር ወስዶበታል። ይህ ፊልም ቲቪ ላይ ምንም አይጎድልበትም። ጦርነቱ ፊት ላይ ነው ያለው። ከሦስት ሰዓት በላይ መሆኑን ግን እወቁት፤ መብራት ባለበት ሌሊት ካልሆነ አትጀምሩት።

ተርሚኔተር 2 ሌላ ዓይነት ብልሃት ነው። በ1984ቱ ፊልም ገዳይ የነበረው ማሽን በ1991 ያንኑ ፊት ይዞ ጠባቂ ሆኖ መጣ። ሰፈራችን ያለው ቪዲዮ ቤት ሲያሳየው ግማሹ ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማንን እንደሚፈራ አላወቀም ነበር። እኔን ግን የያዘኝ ሴትየዋ ናት። በክፍል 1 የምግብ ቤት አስተናጋጅ የነበረችው ሣራ፣ በክፍል 2 የአእምሮ ሐኪም ቤት ተዘግቶባት የአልጋውን ብረት ይዛ ክንዷን ስታጠነክር እናገኛታለን። አንድ ቃል ሳትናገር በመሃል ያለፉት ዓመታት ምን እንዳደረጓት ይገባናል።

አሁን ደግሞ ውሃ ብቻ የሆነውን ቶና እንይ። ስፒድ የሚባለው የ1994 ፊልም ላይ አንድ አውቶቡስ ፍጥነቱ ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ከወረደ ይፈነዳል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ይበቃዋልም። ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የተመላለሰ ሰው ይህን ለማመን ምንም አያስቸግረውም። በ1997 ክፍል 2 ሲሠሩ አውቶቡሱን በመርከብ ተኩት። የመዝናኛ መርከብ! መርከብ ሲጣደፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዋናው ተዋናይ ኪያኑ ሪቭስ ራሱ አልሠራም ብሎ ቀርቷል። እኔ አንድ ነገር ተምሬበታለሁ። ዋናው ሰውዬ ያልተመለሰበትን ክፍል 2 ፍላሽ ላይ ከመጫኔ በፊት ሁለት ጊዜ አስባለሁ።

የተንዛዙትስ? የመኪና ውድድሩን ተከታታይ ታውቁታላችሁ፤ ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ። በ2001 ሲጀምር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የጫኑ ካሚዮኖችን የሚዘርፉ የሰፈር ልጆች ታሪክ ነበር። በ2021 ዘጠነኛው ላይ መኪና ጠፈር ገባ። እኔ 5ኛው ላይ «ወራጅ አለ!» ብያለሁ። የወንድሜ ልጅ ግን አሁንም ተሳፍሯል። አልፈርድበትም፤ እሱ የሚያየው ለመኪናው ነው።

ቁጥር ብቻውን ግን አያስፈርድም። ማድ ማክስ አራተኛው በ2015 ሲወጣ ከሦስተኛው 30 ዓመት አልፎት ነበር። ዳይሬክተሩ ያው ጆርጅ ሚለር ነው፤ የ70 ዓመት ሰው ሆኖ። ዋና ተዋናዩን ለውጦ፣ ታሪኩን አንድ እጇ ለተቆረጠ ሴት አስረክቦ፣ ከሁሉም የተሻለውን ሠራ። የሰውየውን መመለስ ፈልጉ ስል ተዋናዩን ብቻ ማለቴ አይደለም እንግዲህ። ታሪኩን የሚያውቀው ሰው ከካሜራ ኋላም ሊሆን ይችላል።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ከመጡት ውስጥ አንዱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቶፕ ጋን በ1986 ወጥቶ ሁለተኛው በ2022 መጣ፤ 36 ዓመት። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አውሮፕላኖቹ ነው። ትልቅ ስክሪን ላይ ልክ ናቸው። እኔ ቤት ግን አውሮፕላኖቹ ዝንብ ያህላሉ። የቀረልኝ ሌላ ነው። ከድሮዎቹ ተዋናዮች አንዱ፣ ቫል ኪልመር፣ በጉሮሮ ካንሰር ድምጹን አጥቶ ነበር። ፊልሙ ላይም የሚጫወተው ሰው ታሟል። ከድሮ ጓደኛው ጋር የሚያወራው ኮምፒውተር ላይ እየጻፈ ነው። ተዋናዩ በ2025 አረፈ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ያረጁ ሰዎች፤ እማዬ እንግሊዝኛ ሳታውቅ አለቀሰች። 36 ዓመቱ ራሱ አዲስ ቡና ሆነ ማለት ነው።

የተመለሰ ጀግና፦ አያ ጅቦ ስንት ጊዜ ይነገራል?

እዚህ ላይ ስሜቴ የተቀላቀለ ነው፤ አልደብቃችሁም። ለምሳሌ ስፓይደርማንን ውሰዱ። በ2002 ቶቢ ማጓየር። በ2012 አንድሪው ጋርፊልድ። ከ2016 ጀምሮ ቶም ሆላንድ። ባትማንማ አይቆጠርም። ማይክል ኪተን፣ ቫል ኪልመር፣ ጆርጅ ክሉኒ፣ ክርስቲያን ቤል፣ ቤን አፍሌክ፣ ሮበርት ፓቲንሰን። ከስንቶቹ ጋር ነው እኒያ ወላጆቹ ጨለማ ጎዳና ላይ የተገደሉት! የእናትየው የዕንቁ ሐብል ሲበጠስ እያየሁ «አሁንስ ይህን ሐብል ባታደርጊው ምናለ?» ማለት ጀምሬያለሁ።

ለምን ይመለሳሉ? ገበያ ነው መልሱ። ስፓይደርማን ላይ ደግሞ ውል አለበት። ፊልሙን የመሥራት መብት የሶኒ ነው፤ ውሉ ባስቀመጠው ጊዜ ውስጥ ሌላ ፊልም ካልሠራ መብቱ ስፓይደርማንን ወደፈጠረው ማርቭል ይመለሳል። ስለዚህ አንዳንዱ ፊልም የሚሠራው የሚነገር ታሪክ ስላለ አይደለም። መሬት ታጥሮ ሳይለማ እንዳይወሰድ እንደሚተከል ባሕር ዛፍ ነው።

ወንድሜ ግን አንድ ጊዜ ዝም አሰኝቶኛል። «አያታችን የአያ ጅቦን ተረት ስንት ጊዜ ነገረችን? አንድ ቀን ሰልችቶሽ ያውቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ተረት መደጋገሙ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ነጋሪው የራሱን ሳይጨምር ሲያነበንበው ነው። አያታችን ጅቡን አንድ ቀን አስቂኝ፣ አንድ ቀን አሳዛኝ ታደርገው ነበር።

በዚህ ሚዛን ሳየው በ2018 የወጣው የአኒሜሽን ስፓይደርማን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ጀግናው ሌላ ልጅ ነው፤ ማይልስ ሞራሌስ፣ የብሩክሊን ልጅ። ሥዕሉ የኮሚክ መጽሐፍ ገጽ ሲንቀሳቀስ ይመስላል። የአኒሜሽን ኦስካር ወስዷል። ሥዕል ስለሆነም ትንሽ ስክሪን ላይ አይሞትም። የ2025ቱ ሱፐርማንም ቢሆን ብልህ ነው። የፕላኔቱን ፍንዳታ፣ ሕፃኑ በመንኮራኩር ሲላክ፣ ገበሬዎቹ ሲያገኙት... ያን ሁሉ ዘሎ፣ ሰውየው ተደብድቦ በረዶ ላይ ሲወድቅ ይጀምራል። «ታውቁታላችሁ አይደል? እንቀጥል» የሚል ነጋሪ ደስ ይለኛል።

ብላክ ፓንተር ከዚህ ምድብ በትክክል አይገባም፤ ከዚያ በፊት የራሱ ፊልም አልነበረውምና። ግን ጅማ ላይ ሳላነሳው ብቀር ሰፈሬ ይቆጣኛል። የፊልሙ አገር ዋካንዳ በእውን የለም፣ ቋንቋቸው የደቡብ አፍሪካ ኮሳ ነው። ሆኖም አረንጓዴ ሱፍ የለበሰው ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ገል አድርጎ ብቅ ሲል ቤቱ «ይሄማ የኛ ሙርሲ ነው!» ብሎ ተነሣ። ሩት ካርተር በልብስ ዲዛይን ኦስካር ስትወስድ የራሳችን ሰው የወሰደ ያህል ነበር የተሰማኝ። ሁለተኛው በ2022 ሲመጣ ንጉሡን የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን በ2020 አርፎ ስለነበር በሌላ ተዋናይ አልተኩትም፤ አለቀሱለት። ፊልሙ ይረዝማል፣ አንዳንድ ቦታ ይንዘላዘላል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን የልቅሶ ቤት ናቸው።

ከዚህ ምድብ ስትመርጡ የማስጠነቅቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን ያህል የቤት ሥራ እንዳለበት ጠይቁ። በ2021 የወጣውን ስፓይደርማን ከወንድሜ ልጅ ጋር አየሁት። ድሮ የማውቃቸው ሁለቱ ስፓይደርማኖች በየተራ ብቅ ሲሉ ጩኸቴን ለቀቅሁት። ልጁ ፊልሙን አቁሞ «እነዚህ ሰውዬዎች እነማን ናቸው?» አለኝ። 11 ዓመቱ ነው፤ ለእሱ ስፓይደርማን ቶም ሆላንድ ብቻ ነው። ፊልሙ የእኔን ትዝታ እንጂ የእሱን አልነካም። ስለዚህ ከልጆች ጋር ከሆናችሁ አዲስ የሚጀምረውን ጫኑ። የድሮዎቹን ማስታወስ የሚጠይቀውን ለእኩዮቻችሁ አቆዩት።

ግዙፉ ስክሪን፦ ሲያንስ የሚሞተውና የማይሞተው

አሁን ማንም ወደማይከፍተው ፎልደር እንግባ።

አይማክስ፣ ለግዙፍ ስክሪን መቅረጫና ማሳያው ዘዴ፣ ካናዳ የተወለደ ነገር ነው። የመጀመሪያው ፊልም በ1970 ኦሳካ፣ ጃፓን በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ታየ። የመጀመሪያው ቋሚ ቤት በ1971 ቶሮንቶ ላይ ተከፈተ። ሚስጥሩ የፊልሙ ጥቅል ነው። ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንደሌላው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሮጣል። ስለዚህ አንዱ ምስል ከተለመደው የሲኒማ ምስል ከስምንት እጥፍ በላይ ይሰፋል። ካሜራው ከባድና ጩኸታም ነው፤ አንድ ጥቅል የሚቆየው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። አሁን አሁን ትልልቆቹ የታሪክ ፊልሞችም ይጠቀሙበታል። የ2023ቱ ኦፐንሃይመር ሙሉ ቅጂ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል ተብሏል። ከጅማ ብትዘረጉት ሰርቦ ሊደርስ ምንም አይቀረው።

ለረጅም ጊዜ ግን የአይማክስ እንጀራ ዶክመንተሪ ነበር። የሚታዩት ሙዚየም ውስጥ ነው። ርዝመታቸውም 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንዱ ተመልካች ወጥቶ ሌላው እንዲገባ። በ1976 ዋሽንግተን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ሲከፈት ስለ በረራ የተሠራ የ27 ደቂቃ ያህል ፊልም ነበር የሚያሳየው። በ1984 ደግሞ ጠፈርተኞች ራሳቸው ካሜራውን ተምረው መንኮራኩር ውስጥ ቀረጹ፤ ፊልሙ በ1985 ወጣ።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ከእነዚህ ግማሹ 32 ኢንች ላይ ይሞታል። ሰው ወንበሩን ጨብጦ እንዲያዘነብል የተሠራ የበረራ ምስል እኔ ቤት የካላንደር ሥዕል ነው። ጋላክሲ የሚያሳዩት ደግሞ ይባስ። መጋረጃው ካልተዘጋ የሚታየው የእኔው ፊት ነው። «ግዙፍ ስክሪን» የሚለውን ጽሑፍ አይታችሁ ብቻ አትጫኑ። ውስጡ ሰው አለ ወይ? የሚደክም፣ የሚፈራ፣ የሚወስን ሰው።

ኤቨረስት፣ የ1998ቱ፣ ሰው አለው። ቀረጻው በ1996 እየተካሄደ ሳለ ተራራው ላይ ማዕበል ወርዶ ከሌሎች ቡድኖች ስምንት ሰዎች ሞቱ። ቀራጮቹ በነፍስ አድኑ ረዱ፣ ከዚያ ተመልሰው ወጡ። ተራራውን ከወጡት አንዱ ጃምሊንግ ነው። ከኒውዚላንዳዊው ኤድመንድ ሂላሪ ጋር በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ላይ የቆመው የቴንዚንግ ልጅ። አባቱ የቆመበት ቦታ ለመቆም የሚወጣ ልጅ... ይኸውላችሁ፣ ይህም የራሱ ክፍል 2 ነው! ተራራው ቲቪዬ ውስጥ ቢያንስም ትንፋሹ አያንስም።

ሌላው በ2005 የወጣው የአባይ ጉዞ ነው። ፓስኳሌ ስካቱሮ የሚባል ጂኦሎጂስትና ጎርደን ብራውን የሚባል ቀዛፊ ከኢትዮጵያ ተነስተው ጥቁር አባይን ይዘው ሜዲትራኒያን ድረስ ወረዱ። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከ100 ቀን በላይ። በ2004 ጉዞውን ሲጨርሱ ጥቁር አባይን ከምንጩ እስከ ባሕር ድረስ በሙሉ የተጓዙ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሆኑ። የአይማክስ ካሜራ ይዘው ነበር።

ይህን ያየነው ቲቪ ላይ አይደለም። ጎረቤታችን ፕሮጀክተር ተውሶ መጣና ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርን። ልጆቹ በርጩማ ላይ፣ ትልልቆቹ ሶፋ ላይ። አንሶላው መሃል ላይ መታጠፊያ ስለነበረው አባይ በሙሉ ፊልሙ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ፏፏቴ ነበረው። ጀልባዋ ገደሉ ውስጥ ስትገባ አዋቂ ሁሉ ዝም አለ። እማዬ ብቻ «ውሃው የኛ፣ ጀልባው የነሱ» አለች። ጎረቤታችን ጂኦግራፊ አስተማሪ ነውና ዕድሉን አላሳለፈም። «እትዬ፣ ዴዴሳም እኮ ከእኛው ዞን ተነስቶ አባይ ይገባል። ታች ላይ የሚቀዝፉበት ውሃ ውስጥ የጅማ ዝናብ አለበት» አላት። ከዚያ ወዲያ እማዬ ጀልባዋን እንደ ራሷ ንብረት ነው የተከታተለቻት።

አንሶላ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ሜትር ምስል ከ32 ኢንች ጋር አይወዳደርም። ፕሮጀክተር የሚያውሳችሁ ካለ ለክፍል 2 አታባክኑት፤ ለዶክመንተሪ ጠይቁት።

ታዲያ ዛሬ ማታስ?

ብቻችሁን ከሆናችሁና ሌሊቱ ረጅም ከሆነ ጥሩ ክፍል 2 ይበልጣል። ክፍል 1ን ካያችሁ ግን ብዙ ጊዜ አልፎ ከሆነ ደግማችሁ እዩት፤ ሣራን አስተናጋጅ ሆና ያላያት ሰው የሁለተኛዋን ሣራ ግማሹን ነው የሚያገኘው። ይህ ቦታም ጊዜም ይወስዳል። ሁለት ፊልም መጫን ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ የተመለሰውን ጀግና ጫኑ፣ የቤት ሥራ የሌለበትን። ለብቻዬ ሆኜ ግን ከሦስቱ መጨረሻ የማስቀምጠው እሱን ነው። የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሁልጊዜ ሕንፃ ሲፈርስ ነው። ትንሽ ስክሪን ላይ የፈረሰ ሕንፃ አቧራ ብቻ ነው።

ክረምት ከሆነስ? እዚህ ላይ ሰው ይስቅብኛል፤ እኔ ግን በተሞክሮ ነው የምናገረው። ሐምሌ ላይ መብራት ሲበዛ አንድ ሰዓት ይቆያል እንበል። የሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም የጀመረ ሰው መጨረሻውን የሚያየው በማግስቱ ነው። የ40 ደቂቃ ዶክመንተሪ ግን ያልቃል። ቡናው አቦል ላይ ሲጀምር ቶና ሳይጠጣ ያልቃል። ባለፈው ክረምት ሙሉ ለሙሉ አይቼ የጨረስኳቸው ፊልሞች አብዛኞቹ ከዚያ ማንም ከማይከፍተው ፎልደር ናቸው። ልጁም ሳያስበው ለእኔ ብሎ ይሞላው ጀምሯል።

ባለፈው ቅዳሜ ተርሚኔተሮቹን ሁለቱንም፣ ኤቨረስትንና ለወንድሜ ልጅ ማይልስን ያዝኩ። አልበቃ አለ። ልጁ ፍላሹን ከፍቶ አየና «የሰርጉ ቪዲዮ ሁለት ነው እኮ። ክፍል 2 የሚለውን ልሰርዘው?» አለኝ። ክፍል 2 መልሱ ነው። ሰርጉ ላይ ሁሉም ለካሜራው ቀጥ ብሎ ቆሟል። መልሱ ላይ እማዬ ጫማዋን አውልቃ ትጨፍራለች፣ ወንድሜ ሰክሯል፣ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትስቃለች።

«ክፍል 1ን ሰርዘው» አልኩት።